የዶኪንግ ነጥብ መድኃኒት አይደለም

ጸረ ቫይረስ መድኃኒትን በኮምፒውተር ሞለኪውላዊ ሞዴል መንደፍ እንደሚቻል ዛናሚቪር ጥሩ ማስረጃ ነው። የኒውራሚኒዴዝ፣ ማለትም የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ኢንዛይም፣ ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ1983 ታወቀ። ኋላም ግሪድ የተሰኘው ፕሮግራም በኢንዛይሙ ኪስ ውስጥ አዎንታዊ ሙል ያለው ቡድን የሚስማማበትን ቦታ አመለከተ። ተመራማሪዎቹም ቀድሞ በሚታወቀው ደካማ አጋጅ 4ኛ ካርቦን ላይ የነበረውን ሃይድሮክሲል በጓኒዲኖ ቡድን ተኩ፤ አዲሱ ውህድ በሺዎች እጥፍ የበረታ ሆነ። ይህ የተረጋገጠው ግን በኢንዛይም ሙከራ ነው። ውህዱ ተውጦ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂቱ በመሆኑ፣ መድኃኒቱ በ1999 የጸደቀው ወደ ሳንባ በሚሳብ ዱቄት መልክ ነው። ሞዴሉ ስለ ኪሱ እንጂ ስለ አንጀት አልተጠየቀም ነበር።

ዛሬ በርካታ ውህዶችን በላፕቶፕ መመዘን ቀላል ሆኗል። በመሆኑም የዶኪንግ ነጥብን ብቻ ይዞ “እምቅ መድኃኒት ተገኘ” ብሎ መደምደም ይቀናናል። በእኔ እምነት ማንኛውም የማስተርስ ጥናት ሦስት ነገሮችን ማሳየት አለበት። አንደኛ፣ ፕሮግራሙ የታወቀውን ሊጋንድ በክሪስታል ወደታየበት አቀማመጥ መመለሱን፤ ሁለተኛ፣ የሚሠሩትን ከማይሠሩት ውህዶች መለየቱን፤ ሦስተኛ፣ ከተመረጡት ቢያንስ አንዱ በቤተ ሙከራ መፈተኑን።

“ሪኤጀንት ውድ ነው” የሚለው መከራከሪያ እውነትነት አለው። ሆኖም የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከጥቂት ሰዓታት በቀር ወጪ አይጠይቁም። ሦስተኛው ካልተቻለ ደግሞ ድምዳሜው “መላምት” ተብሎ ይጻፍ።