ያረጀ ኮምፒዩተር አልነሣም ሲል

በ2003 ዓ.ም. የገዛነውን የቤታችንን የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ባለፈው ክረምት መብረቅ ፈርተን ከሶኬቱ ነቅለነው ሁለት ሳምንት ያህል ቆየ። መልሰን ስንሰካው ግን አልነሣም አለ። ጥቁሩ ስክሪን ቀንና ሰዓት አልተሞላም የሚል ነጭ ጽሑፍ ያሳያል፤ እርሱን አልፈን ስንሄድ የዊንዶውስ ምልክት ብቅ ይላል፤ ወዲያው ሰማያዊ ገጽ ብልጭ ብሎ ይጠፋና ሁሉም እንደ ገና ከመጀመሪያው ይነሣል።

ወደ አንድ ጠጋኝ ብንወስደው «ሃርድ ዲስኩ ሞቷል፤ ፎርማት ተደርጎ ዊንዶውስ በአዲስ ይጫንበት» አለን። በሞተ ዲስክ ላይ ምን እንደሚጫን አልነገረንም። ፎርማት ማድረግ ማለት ግን በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ማጥፋት ነው። በዚያም ዲስክ ላይ ያረፉት እናታችን የትውልድ ሐረጋቸውን እየቈጠሩ የተናገሩት ድምፅ ነበረ፤ ሌላ ቅጂ አልነበረውምና ኮምፒዩተሩን ተሸክመን ተመለስን።

በቤታችን ተቀምጠን ንቀን ያለፍነውን ነጭ ጽሑፍ ደግመን አነበብን። ኤፍ 2 የሚለውን ቁልፍ ተጭነን ወደ ማስተካከያው ገጽ ብንገባ፥ የመኪናው ሰዓት በፈረንጆች አቈጣጠር ጃንዋሪ 1 ቀን 2010 ይላል፤ ይኸውም በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 2002 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ገና ወደ ቤታችን ሳይመጣ!

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በማዘርቦርዱ ላይ ሲ.አር. 2032 የምትባል፥ ሳንቲም የምታህል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች። ኮምፒዩተሩ ከሶኬት ሲነቀል ሰዓቱን የምታስኬድ እርስዋ ናት፤ በብዙዎቹ አሮጌ ኮምፒዩተሮችም ማስተካከያዎቹን ይዛ የምታቈይ እርስዋው ናት። የደከመች እንደ ሆነ ሁሉ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ወደ ነበረው ይመለሳል። ከዚህም ውስጥ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ አንዱ ነው፤ ዊንዶውስ በኤ.ኤች.ሲ.አይ. መንገድ ተጭኖ ሳለ ማስተካከያው ሬይድ ወደሚባለው ቢለወጥ፥ የገዛ ዲስኩን ማንበብ ይሳነዋል።

ባትሪዋን ከሰዓት ሠሪ ገዛን። ገመዱን ነቅለን፥ ክዳኑን በካቻቢቴ ፈትተን፥ አሮጌይቱን አውጥተን አዲሲቱን ጽሑፏ ወደ ላይ ሆኖ አስገባናት። ቀኑን ሞልተን መንገዱን ወደ ኤ.ኤች.ሲ.አይ. መለስነው፤ ዊንዶውስም ተነሣ። ሁለት ዲስኮች በሬይድ ተጣምረው በሚሠሩበት ኮምፒዩተር ግን ይህ ለውጥ አይሞከርም።

ሕመሙ ሁሉ አንድ አይደለም። ምንም መብራት ካልታየ ሶኬቱን፥ ገመዱንና በስተኋላ ያለውን ማብሪያ መመርመር ይገባል፤ የፓወር ሰፕላዩ ሣጥን ግን ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ ይዞ ስለሚቈይ አይከፈትም። ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ ከጨለመና መኪናው ጢጥ ጢጥ ካለ፥ ራሙን አውጥቶ ወርቃማ ጥርሶቹን በላጲስ ቀስ ብሎ ማጽዳትና መልሶ አጥብቆ መትከል ብዙ ጊዜ ይበቃል። የሚነሣበት ዲስክ አጣሁ የሚል ከሆነ፥ አስቀድሞ ተሰክቶ የተረሳ ፍላሽ እንዳለ ይታይ። ዲስኩ ራሱ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን እያጠፉ ማብራት ይቅር፤ እያንዳንዱ መነሣት ጉዳቱን ሊያብሰው ይችላልና ፋይል ማዳን ለሚያውቅ ሰው ይሰጥ።

የእናታችንን ድምፅ የኮምፒዩተሩን ክዳን ገና ሳንገጥም በሁለት ፍላሽ ገለበጥነው፤ አንዱም በታናሽ እኅታችን ቤት ተቀምጧል።