የተጫዋች ልውውጥና ምርጫ፦ የሚመዘነው ውጤቱ ነው ወይስ ውሳኔው?

በትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ከሚሰሙ ክርክሮች መካከል የስፖርት ክርክርን ያህል የሚግል የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንድ ክለብ ተጫዋቹን ለሌላ ክለብ አሳልፎ ሲሰጥ፣ አዲስ ተጫዋች ሲያስፈርም ወይም የብሔራዊ ቡድን ስም ዝርዝር ይፋ ሲሆን ሁሉም ዳኛ ይሆናል። ፍርዱ የሚጸናው ግን አብዛኛውን ጊዜ ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ነው። ቡድኑ ካሸነፈ መራጩ ብልህ፣ ከተሸነፈ ደግሞ አላዋቂ ይባላል። እኛ ይህ ዓይነቱ ፍርድ የተሳሳተ ነው እንላለን። ስህተቱም ከስፖርት ሜዳ አልፎ በሰዎች ሕይወት ላይ የሚያርፍ በመሆኑ በዚህ መጽሔት ላይ ልናነሣው ወደድን።

ለማሳያነት የመረጥነው የአሜሪካን የቅርጫት ኳስ ነው። ምክንያታችንም ቀላል ነው። በዚህ ስፖርት እያንዳንዱ ውርወራና እያንዳንዱ የጨዋታ ደቂቃ ተቆጥሮ ይመዘገባል። በፕሮፌሽናሉ ሊግ በኤንቢኤ አንድ ቡድን በአንድ የውድድር ዘመን 82 መደበኛ ጨዋታዎችን ያደርጋል። ስለሆነም ስለ ማስረጃ ምንነት ለማሰብ ለሚፈልግ ተማሪ እንደዚህ የተመቸ መስክ ማግኘት ያዳግታል።

ዳላስ ያደረገው ልውውጥ

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 መጀመሪያ ላይ የዳላስ ማቨሪክስ ክለብ የ25 ዓመቱን ስሎቬንያዊ ኮከብ ሉካ ዶንቺችን ለሎስ አንጀለስ ሌከርስ አሳልፎ ሰጠ። በምትኩም የ31 ዓመቱን አንቶኒ ዴቪስን፣ ወጣቱን ማክስ ክሪስቲንና ሌከርስ በ2029 በሚኖረው ድራፍት የመጀመሪያ ዙር የመምረጥ መብቱን ተቀበለ። ድራፍት ማለት ክለቦች በየዓመቱ አዳዲስ ወጣት ተጫዋቾችን ተራ በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ነው። ዶንቺች ከጥቂት ወራት በፊት፣ በ2024፣ ዳላስን እስከ ሊጉ ፍጻሜ ያደረሰ ተጫዋች ስለነበር ዜናው የክለቡን ደጋፊዎች እጅግ አስቆጣ። የክለቡ ዋና ሥራ አስኪያጅ ኒኮ ሃሪሰን ለውሳኔው የሰጡት ምክንያት የመከላከል ብቃትን ማጠናከር የሚል ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንመልከት። ዴቪስ ለዳላስ በተሰለፈበት የመጀመሪያ ጨዋታ ጉዳት ደረሰበት። በዚህን ጊዜ “አላልንም ነበር?” የሚለው ድምፅ በረታ። በሜይ 2025 ደግሞ የድራፍቱን ቅደም ተከተል የሚወስነው ዕጣ ሲወጣ፣ ዳላስ አንደኛ የመሆን ዕድሉ 1.8 በመቶ ብቻ ሆኖ ሳለ አንደኛው ዕጣ ደረሰው፤ በዚህም ኩፐር ፍላግ የተባለውን ብርቅ ወጣት መረጠ። አሁን ደግሞ ተቃራኒው ድምፅ፣ “ነገሩ ለበጎ ነበር” የሚለው ተሰማ። በኖቬምበር 2025 ሥራ አስኪያጁ ከኃላፊነታቸው ሲነሡ ፍርዱ እንደገና ተገለበጠ።

እንግዲህ በእነዚህ ወራት ውስጥ ውሳኔው ራሱ ተለውጧልን? አልተለወጠም። የተለወጠው ዕድል ነው። 1.8 በመቶ ማለት ከ55 ሙከራ አንድ ጊዜ ገደማ የሚያጋጥም ነገር ነው። እንዲህ ያለ ዕጣ መውጣቱ የልውውጡን ትክክለኛነት አያረጋግጥም። በመጀመሪያው ጨዋታ የደረሰ ጉዳትም ብቻውን ስህተትነቱን አያረጋግጥም።

ይህ ማለት ግን ውሳኔው ከወቀሳ ነጻ ነው ማለት አይደለም። ልውውጡ በተፈጸመበት ዕለት የሚታወቁ ነገሮች ነበሩ። አንደኛ፣ በሁለቱ ተጫዋቾች መካከል ያለው የዕድሜ ልዩነት። ሁለተኛ፣ ዴቪስ ቀደም ባሉት ዓመታትም በተደጋጋሚ በጉዳት ከሜዳ የራቀ መሆኑ። ሦስተኛ፣ በወቅቱ በሰፊው እንደተዘገበው ድርድሩ ሌሎች ክለቦች ዋጋ እንዲያቀርቡ ሳይጋበዙ ከአንድ ክለብ ጋር በምሥጢር መካሄዱ። ተጫራች በበዛ ቁጥር ዋጋ እንደሚጨምር ለማወቅ የነገውን ውጤት መጠበቅ አያስፈልግም። በሌላው ወገን ደግሞ ዳላስ በዚያው ክረምት ለዶንቺች 345 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ የአምስት ዓመት ውል ማቅረብ ይጠበቅበት ነበር። የቡድኖች ደመወዝ በጣሪያ በሚወሰንበት ሊግ ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። ክርክሩ በእነዚህ ነጥቦች ላይ ቢሆን ኖሮ ከዕጣውም በፊት፣ ከጉዳቱም በፊት ሊካሄድ በቻለ ነበር። እኛም በእነዚህ ነጥቦች መዝነን ልውውጡ ደካማ ውሳኔ ነበር ብለን እናምናለን፤ ፍላግ ነገ የሊጉ ንጉሥ ቢሆንም እንኳ ይህን አቋማችንን አንለውጥም።

ሃያ ውርወራ ምን ይነግረናል?

ሁለተኛው የክርክራችን ድክመት ከጥቂት ማስረጃ ብዙ መደምደም ነው። በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ የአሜሪካ ቡድን አባል የነበረው ስቴፈን ከሪ በመጀመሪያዎቹ አራት ጨዋታዎች ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ 20 ጊዜ ወርውሮ 5 ብቻ አስገባ። ይህም 25 በመቶ ነው። ዕድሜው 36 ነበርና “ዘመኑ አልፎበታል፤ መመረጥም አልነበረበትም” ለሚል ሰው ማስረጃው የተሟላ ይመስል ነበር።

ነገሩን በሒሳብ እንየው። አንድ ተጫዋች ከሦስት ነጥብ ርቀት 40 በመቶ የማስገባት ችሎታ አለው እንበል። ከሪ በሙያ ዘመኑ በሺዎች በሚቆጠሩ ውርወራዎች ያስመዘገበው ከዚህም በላይ ነው። እንዲህ ያለ ተጫዋች 20 ጊዜ ወርውሮ 5 ወይም ከዚያ በታች የማስገባት ዕድሉ በባይኖሚያል ቀመር ሲሰላ 12.6 በመቶ፣ ማለትም ከስምንት አንድ ነው። ችሎታቸው በፍጹም ያልቀነሰ ስምንት ተጫዋቾች ቢኖሩ በአማካይ አንዱ በዕድል ብቻ እንዲህ ሆኖ ይታያል ማለት ነው።

ቀጥሎ የሆነውን ብዙዎች ያስታውሱታል። በግማሽ ፍጻሜው ሰርቢያ 95 ለ91 ስትሸነፍ ከሪ 36 ነጥብ አስቆጠረ። በፍጻሜውም ፈረንሳይ 98 ለ87 ስትሸነፍ 24 ነጥብ አከለ። በሁለቱ ጨዋታዎች ከ26 የሦስት ነጥብ ውርወራዎች 17ቱን አስገባ። ይህ ከ65 በመቶ በላይ ነው። እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ይገባል። 25 በመቶው እውነተኛ ችሎታው እንዳልነበረ ሁሉ 65 በመቶውም አይደለም። ስድስቱን ጨዋታዎች ስንደምር ከ46 ውርወራ 22 ይሆናል፤ ይህም ወደ 48 በመቶ የሚጠጋ ነው። ማስረጃው በበዛ ቁጥር ቁጥሩ ወደ ረጅም ጊዜ አማካዩ ሲቀርብ እናያለን።

የስታቲስቲክስ ትምህርት የወሰዱ አንባብያን ምክንያቱን ያውቁታል። 40 በመቶ የሚያስገባ ተጫዋች በ20 ውርወራ የሚኖረው ስታንዳርድ ኤረር 11 በመቶ ነጥብ ገደማ ነው። ስህተቱን በግማሽ ለመቀነስ የውርወራውን ብዛት አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። በ400 ውርወራ 2.5 በመቶ ነጥብ ገደማ ይደርሳል። በአጭር ውድድር ላይ ተመሥርተው ተጫዋችን ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርጉ ሰዎች የሚዘነጉት ይህንን ነው።

ቡድን የግለሰቦች ድምር አይደለም

“ቁጥር ይብዛ ካላችሁ ከፍተኛ ቁጥር ያላቸውን 12 ሰዎች ሰብስቦ መላክ አይበቃምን?” የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ይህንንም የአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ታሪክ ይመልስልናል። አሜሪካ የኤንቢኤ ተጫዋቾችን ወደ ኦሎምፒክ መላክ ከጀመረችበት ከ1992 እስከ 2000 ባሉት ሦስት ኦሎምፒኮች 24 ጨዋታዎችን አድርጋ 24ቱንም አሸንፋለች። በ2004 አቴንስ ላይ ግን ቲም ደንከንንና አለን አይቨርሰንን የያዘው ቡድን በፖርቶ ሪኮ 92 ለ73፣ በሊትዌኒያ 94 ለ90፣ በግማሽ ፍጻሜውም በአርጀንቲና 89 ለ81 ተሸንፎ የነሐስ ሜዳልያ ይዞ ተመለሰ።

ይህስ ዕድል ብቻ ነበርን? አልነበረም እንላለን። በ2002 በራሷ ምድር በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ቡድኑ ስድስተኛ ሆኖ ነበር። ማስረጃው ከአንድ ውድድር በላይ ስለተጠራቀመ የምርጫው ሥርዓት መለወጡ ተገቢ ነበር። ከ2005 ጀምሮ ጄሪ ኮላንጄሎ ኃላፊነቱን ወስደው ተጫዋቾች ለዓመታት አብረው ለመሥራት ቃል እንዲገቡ ጠየቁ። ቡድኑ በ2006 የዓለም ሻምፒዮና ግማሽ ፍጻሜ በግሪክ 101 ለ95 ሲሸነፍ ሥርዓቱን ማፍረስ ቀላል ነበር። አላፈረሱትም። በ2008 ቤጂንግ ላይ ስፔንን 118 ለ107 አሸንፈው ወርቁን መለሱ።

በ2024 ካዋይ ሌነርድ ከቡድኑ ሲወጣ በምትኩ የተጠራው የቦስተኑ ዴሪክ ዋይት ነበር። የዚያው ክለብ ባልደረባ የሆነውና በዚያው ዓመት የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች የተባለው ጄይለን ብራውን አለመጠራቱ ብዙ አከራክሯል። ክርክሩ ግን “ከሁለቱ ማን ይበልጣል?” በሚል ጥያቄ ላይ ተመሠረተ። ትክክለኛው ጥያቄ “አስቀድመው ለተመረጡት 11 ተጫዋቾች ማን የጎደለውን ይሞላል?” የሚለው ነበር። ነጥብ አስቆጣሪ ለሞላው ቡድን ሌላ አስቆጣሪ የሚጨምረው ጥቅም፣ ተከላካይ ከሚጨምረው ሊያንስ ይችላልና።

ተጠባባቂው ባለ ወርቅ

በዚያው ኦሎምፒክ ተመሳሳይ ጉዳይ በአገራችንም የአትሌቲክስ ቡድን ላይ ታይቷል። ታምራት ቶላ በማራቶን ተጠባባቂ ሆኖ ነበር የተመዘገበው። ሲሳይ ለማ በጉዳት ምክንያት ሲወጣ ተተክቶ ሮጠ፤ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቅ አመጣ። ታዲያ በመጀመሪያ ተጠባባቂ ማድረጉ ስህተት ነበርን? በወቅቱ የሚታወቀውን እንመዝን። ሲሳይ በዲሴምበር 2023 ቫሌንሲያ ላይ 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ሮጦ፣ በኤፕሪል 2024 ደግሞ የቦስተን ማራቶንን አሸንፎ ነበር። ታምራትም የ2022 የዓለም ሻምፒዮን ነበር፤ በ2023 ኒውዮርክን ያሸነፈውም የሥፍራውን ክብረ ወሰን ሰብሮ ነው። የማራቶን ሯጭ በዓመት የሚሮጠው ጥቂት ውድድር ብቻ ነው። በእንዲህ ያለ ጥቂት ማስረጃ ሁለት ታላላቅ ሯጮችን በእርግጠኝነት ማበላለጥ አይቻልም። ወርቁ የታምራትን ታላቅነት ያስመሰክራል። መራጮቹን ለመውቀስ ግን አይበቃም።

እኛስ ምን እናድርግ?

“ይህ አስተሳሰብ ለሰነፍ ኃላፊዎች መሸሸጊያ ይሆናል” የሚሉን ይኖራሉ። ስጋታቸው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ መሸሸጊያ የሚሆነው በውጤት ብቻ መፍረድ ነው። ዕድል የቀናው ደካማ መራጭ ሳይጠየቅ ያልፋልና።

ስለዚህ አንባብያንን አንድ ነገር እንጠይቃለን። በሚቀጥለው የዝውውር ወይም የምርጫ ክርክር ትንበያችሁን ከውጤቱ በፊት በመቶኛ ጻፉት። የሜትዎሮሎጂ ባለሙያው ግሌን ብራየር በ1950 ለአየር ጠባይ ትንበያ ያቀረቡት መለኪያ ለዚህም ይሠራል። “70 በመቶ ይሆናል” ብላችሁ ከሆነ፣ ነገሩ ሲፈጸም ስህተታችሁ 0.3 በራሱ ተባዝቶ 0.09 ነው። ካልተፈጸመ 0.7 በራሱ ተባዝቶ 0.49 ይሆናል። ከሃያና ከሠላሳ ትንበያ በኋላ አማካዩ ዝቅ ያለለት ሰው ከጓደኞቹ የተሻለ ተንባይ መሆኑ መታየት ይጀምራል። ድምፁ ከፍ ያለው ሰው ግን ሁልጊዜ እርሱ ላይሆን ይችላል።

ነገሩ ከጨዋታ በላይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በየትምህርት ቤቱ የቅርጫት ኳስ ቡድን ሲመረጥ አንድ ልጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ 10 ጊዜ ወርውሮ 3 ካስገባ “አይችልም” ተብሎ ሊሰናበት ይችላል። ይሁን እንጂ 40 በመቶ የማስገባት ችሎታ ያለው ልጅ ከ10 ውርወራ 3 ወይም ከዚያ በታች የማስገባት ዕድሉ 38 በመቶ ገደማ ነው። ያ ልጅ ተመልሶ ላይመጣ ይችላል። ዛሬ ስለ ዳላስ የምትከራከሩ ተማሪዎች ነገ ሠራተኛ የምትቀጥሩ፣ ተማሪ የምትመዝኑ፣ በሽተኛ የምትመረምሩ ትሆናላችሁ። በፊታችሁ የቀረበውን ሰው በአንድ ቀን ውሎው ከመፍረዳችሁ በፊት፣ “ይህን ሰው ስንት ጊዜ አየሁት?” ብላችሁ ራሳችሁን እንድትጠይቁ አደራ እንላለን።