ጎጆ ቤትና ጭሱ

በዚህ ሳምንት ስለ ቤት እናነባለን። ሩቅ አንሄድም። ከዳባት ተነስተን ወደ ደባርቅ፣ ከዚያም ወደ ስሜን ተራሮች ስንወጣ የምናየውን ጎጆ እንመልከት።

የጎጆ ሥራ ከመካከል ይጀምራል። መሬቱ ላይ ችካል ይመታል። በችካሉ ገመድ ታስሮ ዙሪያው ይሰመራል። በመስመሩ ላይ የግድግዳው እንጨት ይቆማል። ማገሩ በልጥ ይታሰራል። ጣሪያው በምሰሶ ይደገፋል፤ ሣር ይለብሳል።

ዱሮ እንጨቱ ጽድ ወይም ወይራ ነበር። መሬት ውስጥ ቢቀበር ቶሎ አይበሰብስም። ዛሬ ባሕር ዛፍ በዝቷል። ባሕር ዛፍ ከአውስትራልያ የመጣ ነው። አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ጊዜ፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ቀጥ ይላል። የጽድን ያህል ግን አይቆይም።

እንጨት የሚያቆሙትና የሚከድኑት ወንዶች ናቸው፤ ጎረቤት በደቦ ይጠራል። ጭቃው ላይ ግን የሴቶች እጅ አለ። ጭቃ ከጭድ ጋር ተቦክቶ መሰንበት አለበት። ካልሰነበተ ይሰነጠቃል። ከምርጊቱ በኋላ እበት ይለቀለቃል። መደቡም ጎታውም ከሴቶች እጅ የሚወጣ ነው። እኛ ግን «እገሌ ቤት ሠራ» ብለን ባልየውን ብቻ እናመሰግናለን። እሷስ?

ወደ ውስጥ እንግባ። ምድጃው አለ፤ ሦስት ጉልቻ። የጠፍር አልጋ አለ፤ ቁርበት ይነጠፍበታል። በደጋው ከብቱም እዚያው ያድራል፤ ሰው ቆጥ ላይ ይተኛል። የከብቱ ትንፋሽ ለብርዱ ደግ ነው። ለጤና ግን ደግ አይደለም።

ጭሱስ? ጭስ ሣሩን ያደርቃል፤ ተባይም ያባርራል። ስለዚህ የዱሮ ሰው አልጠላውም። ነገር ግን ያው ጭስ ዓይን ያሳምማል፤ ሳንባ ይጎዳል። ይበልጥ የሚጎዱት ከምድጃ የማይለዩት እናቶችና ያዘሏቸው ሕፃናት ናቸው።

አሁን ብዙ ሰው ሣሩን በቆርቆሮ እየለወጠ ነው። በፓርኩ ውስጥ የነበሩት የግጭ መንደር ሰዎችም በ2008 ዓ.ም. የሣር ጎጆአቸውን ትተው ወደ ደባርቅ ወርደዋል። ቆርቆሮ እሳት አይበላውም፤ በየጊዜው ክደኑኝ አይልም። ሌሊት ግን ይበርዳል። ደግሞም ሣር ጭሱን ያሾልካል፤ ቆርቆሮ አያሾልክም። ጭሱ እዚያው ይታፈናል።

ስለዚህ ቆርቆሮ የምታለብሱ ሁሉ፣ ከግድግዳው ጫፍ ሥር ጭስ መውጫ ተዉ። ቢቻላችሁ ማድቤቱን ለብቻው ሥሩ። ነፋሱ ጭሱን ወደ መኝታችሁ እንዳይመልሰው፣ ችካል ከመምታታችሁ በፊት ከየት እንደሚነፍስ እዩ።