የአንጎል ዕጢ የጨረር ሕክምና፦ ቤተሰብ ምን ይጠብቅ?

በዚህ ወር የጤና ዓምዳችን ብዙ ቤተሰብን ግራ የሚያጋባ ጉዳይ እናነሳለን። ታማሚው የጨረር ሕክምናውን በእግሩ ሄዶ ይጀምራል። ከሳምንታት በኋላ ደክሞና ጸጉሩ ረግፎ ሲታይ ግን «ሕክምናው ጎዳው፣ ይቅርበት» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ከዚህ ውሳኔ በፊት የሚሆነውን ማወቅ ይገባናል።

በቅድሚያ ለፊቱ ልክ የሆነ የፕላስቲክ ጭንብል ይሠራለታል። ጭንብሉ ጭንቅላቱን ይዞ ጨረሩ ቦታውን እንዳይስት ያደርጋል። እህቶች ሂጃባቸውን ማውለቅ ስለሚኖርባቸው ሴት ባለሙያ መኖሯን አስቀድመው ይጠይቁ። ሕክምናው ብዙ ጊዜ በሳምንት 5 ቀን፣ እስከ 6 ሳምንት ይሰጣል። እንደ ጥቁር አንበሳ ባሉ ጥቂት ሆስፒታሎች ብቻ ስለሚገኝ ከሩቅ የሚመጣ ቤተሰብ ማረፊያውን ቀድሞ ያስብበት። ጨረሩ ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ነው፤ አያምም። በሰውነት ውስጥም ስለማይቀር አባት ማታ ልጆቹን ማቀፍ ይችላል።

ከ2 ወይም 3 ሳምንት በኋላ ጨረሩ ባረፈበት ቦታ ጸጉር ይረግፋል፤ ቆዳውም ሊቀላ ይችላል። ሐኪም ሳይፈቅድ ቅቤም ሆነ ሌላ ቅባት አይቀባ። ድካሙ እየጨመረ ይሄዳል፤ ሕክምናው ካለቀ በኋላም ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ይህ ሕክምናው አልሠራም ማለት አይደለም። ለአንጎል እብጠት የሚታዘዘው ዴክሳሜታዞን የደም ስኳርን ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ሆኖም በራስ ፈቃድ በድንገት አይቋረጥም። እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ መንቀጥቀጥ ወይም የእጅና የእግር መዛል ከታየ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ጥቁር አዝሙድና ማር የሚወስድ ለሐኪሙ ይንገር፤ ሕክምናውን ግን በእነርሱ አይተካ። ቆሞ መስገድ ያቃተው ተቀምጦ፣ ካልሆነለትም ተኝቶ ይሰግዳል። በረመዳን መድኃኒቱን በሰዓቱ መውሰድ ያለበት በሽተኛም በሃይማኖታችን ሩኽሳ አለው፤ ሐኪሙንና ዓሊሞችን ያማክር። መታከም በአላህ (ሱ.ወ) ላይ ከመመካት ጋር አይጋጭም። የቤተሰቡ ድርሻም ሰብር፣ ዱዓና አንድም ቀን ሳይጓደል ታማሚውን ማመላለስ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ለታመሙ ወገኖቻችን ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን። አሚን።