የዲስክን ቦታ እንዴት እንከፋፍል?

የኮምፒዩተር ዲስክ እንደ እህል ጎተራ ነው። ባለቤቱ ውስጡን አስቀድሞ በግድግዳ ከከፋፈለው፣ የጤፉ ክፍል ሞልቶ ሲፈስ የገብሱ ክፍል ባዶውን ሊከርም ይችላል። ታዲያ ቋሚ ግድግዳ ማቆም ይሻላል ወይስ ቦታውን በጋራ ይዞ እንደ አስፈላጊነቱ ማደል? በሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሠራ ሰው ይህን ጥያቄ መመለስ ይኖርበታል።

የቋሚ ክፍልፋይ ዘዴ ቀላል ነው፤ ብልሽት ሲደርስም ምን የት እንዳለ ለማወቅ አያስቸግርም። ይሁን እንጂ ከ500 ጊጋባይት ውስጥ 50ው ለሲስተሙ፣ 450ው ለሰነዶች ተመድቦ ሲስተሙ ቢጠበው፣ ድንበሩን ለማንሳት ሥራ ማቆምና ሰነዶችን ማንቀሳቀስ ግድ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ለሊኑክስ የተዘጋጀው ኤልቪኤም ግን ዲስኮችን በአንድነት አስተባብሮ ቦታቸውን በትናንሽ ቁራጮች ይሸነሽናል። ተጠቃሚው ካልለወጠው በቀር የአንዱ ቁራጭ መጠን 4 ሜጋባይት ነው። ከቁራጮቹ የሚሠራው ክፍል ሎጂካል ቮሊዩም ይባላል። ቁራጮቹ የግድ ጎን ለጎን መሆን ስለሌለባቸው፣ የጠበበው ክፍል ኮምፒዩተሩ ሳይጠፋ ሊሰፋ ይችላል።

«ሁለት ዲስኮች ተጣምረው አንዱ ቢሞትስ?» የሚል ተቃውሞ ይነሳ ይሆናል። ተቃውሞው እውነት አለው፤ በሁለቱ ላይ የተዘረጋ ክፍል አንዱ ዲስክ ሲበላሽ ሊጠፋ ይችላል። ነገር ግን ቋሚ ክፍልፋይም ቢሆን የሞተን ዲስክ አያድንም። መድኃኒቱ እያንዳንዱን ጽሑፍ በሁለቱም ዲስኮች ላይ በእኩል ማስፈር ነው፤ ኤልቪኤምም ይህን ያስችላል።

ስለዚህ የነገ ፍላጎቱን በትክክል ለማያውቅ ሰው ሁለተኛው ዘዴ እንደሚሻል አምናለሁ። ሆኖም አንባቢ ሆይ፣ ሁለት ነገሮችን ልብ በል። አንደኛ፣ ቦታውን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን አታድል፤ ጥቂቱን ሳትመድብ አቆይ። ኤክስት4 የተባለው የፋይል ሥርዓት በሥራ ላይ እያለ ይሰፋል፤ ለማጥበብ ግን ከሥራ መነሳት አለበት። ሁለተኛ፣ ኤልቪኤም የክፍሉን የአንድ ወቅት ገጽታ ቀርጾ ቢያቆይልህም፣ ያ ቅጂ የሚኖረው በእነዚያው ዲስኮች ላይ ነውና መጠባበቂያ ነው ብለህ አትዘናጋ። የትምህርት ቤትህ የፈተና ውጤት በዲስኩ ላይ ቢሆን፣ ሌላ ቅጂ በሌላ ሥፍራ ሊኖረው ይገባል። ጥንቃቄው ከጥፋቱ በኋላ ከመጣ ግን፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።