ስንፍናው የማን ነው?

«ይህ ልጅ ሰነፍ ነው፤ ያለ አለንጋ አይማርም» የሚለውን ፍርድ ከአንዳንድ መምህራን አፍ ደጋግመን ሰምተናል። እኛ ግን ፍርዱ ከመጽናቱ በፊት መምህሩም ይጠየቅ እንላለን።

ታላቁ የሩስያ ደራሲ ሌዎ ቶልስቶይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1859 ዓ.ም. በርስቱ በያስናያ ፖልያና ለገበሬ ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ። በዚያ የዘገየ ልጅ አይገሠጽም፤ የቤት ሥራ የለም፤ ሁሉም በወደደው ስፍራ ይቀመጣል። አንድ ቀን ምሳሌያዊ አነጋገር ሰጥቶ በዚህ ላይ ታሪክ ጻፉ ቢላቸው፣ እርሱው ራሱ እንዲጽፍ መለሱለት። እርሱም ብዕሩን አንሥቶ ጀመረ። ልጆቹ ከበቡት፤ ያርሙትም ጀመር። ከእነርሱም ሁለቱ ከምሽቱ በ1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ሳይሰለቹ አብረውት ደረሱ። ይህንንም በ1862 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ ራሱ ተርኮታል።

«እርሱ ባለርስት ባላባት ነበረ፤ የእኛ ክፍል ግን በተማሪ የተጨናነቀ ነው» የሚሉን ይኖራሉ። መጨናነቁን አንክድም። ዳሩ ግን ጠመኔ አንሥቶ የመጀመሪያውን መስመር በተማሪ ፊት መጻፍ፣ በተማሪም ለመታረም መፍቀድ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ትሕትናን ይጠይቃል እንጂ።

አለንጋ ዝምታን ያመጣ ይሆናል፤ ዝም ያለ ሁሉ ግን ተማረ አይባልም። በየመሥሪያ ቤቱ ሐሳባችንን ለመናገር የምንፈራ እኛ፣ ፍርሃቱን ከየት እንደ ተማርነው እናውቃለን።

ስለዚህ መምህር ሆይ፣ ልጁን ሰነፍ ከማለትህ በፊት፣ አንተ በፊቱ ጽፈህ ታውቃለህን?