ስለ ምት ልኬት መለዋወጥና ስለ ቻርት አዘጋጅ ታማኝነት

ልኬት ያለው ነገር ሁሉ የሚታመነው ለኪው እውነተኛ ሲሆን ነው። ክንዱን አሳጥሮ ጨርቅ የሚለካ ነጋዴ ጨርቁን አልቀደደውም፤ ነገር ግን ገዢውን በድሏል። ይህ ነገር በገበያ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ በሙዚቃና በጨዋታም ይገኛል። ወጣቶች በኮምፒዩተር በሚጫወቷቸው የምት ጨዋታዎች ዘፈኑን ለጨዋታ የሚያዘጋጀው ሰው እንደዚሁ ለኪ ነውና፣ ስለ አለካኩ ጥቂት መናገር የተገባ ነው።

የምት ጨዋታ ማለት፣ ሙዚቃው እየተሰማ በመስተዋቱ ላይ የሚታዩትን ምልክቶች ተጫዋቹ በእጁ ወይም በእግሩ በጊዜያቸው የሚመታበት ጨዋታ ነው። የጃፓኑ ኮናሚ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 ቢትማኒያን፣ በ1998 ዳንስ ዳንስ ሬቮሉሽንን አወጣ፤ በ2005 ደግሞ ጊታር ሂሮ የተባለው ጨዋታ በአሜሪካ ወጣ። ከዚያም ወዲህ ተጫዋቾች የወደዱትን ዘፈን ራሳቸው የሚያዘጋጁባቸው እንደ ስቴፕማኒያና እንደ ክሎን ሂሮ ያሉ ያለ ክፍያ የሚገኙ ፕሮግራሞች ተስፋፉ። እያንዳንዱ ምልክት በየትኛው ቅጽበት እንደሚደርስ የተጻፈበት ፋይል ቻርት ይባላል።

በቻርቱ ውስጥ ከምልክቶቹ በፊት ሁለት ነገሮች ይወሰናሉ። አንደኛው ፍጥነት ነው፤ ይኸውም በአንድ ደቂቃ ስንት ምት እንደሚመታ ነው። ሁለተኛው የምት ልኬት ነው፤ ይኸውም በኖታ ላይ እንደ ክፍልፋይ ሆኖ 4/4፣ 3/4 ወይም 7/8 እየተባለ የሚጻፈው ነው። የላይኛው ቁጥር ሙዚቀኞች ባር በሚሉት በአንዱ ክፍል ውስጥ ስንት ምት እንዳለ ያስረዳል፤ የታችኛው ቁጥር ምቱ ሩብ ኖታ ወይም ስምንተኛ ኖታ መሆኑን ያሳያል። ብዙው ዘፈን ከመነሻው እስከ መድረሻው በ4/4 ስለሚሄድ አዘጋጁ ስለ ልኬት ምንም ሳያስብ ሥራውን ይፈጽማል። ፈተናው የሚመጣው ዘፈኑ በመንገድ ላይ ልኬቱን ሲለውጥ ነው።

እንዲህ ያሉ ዘፈኖች ጥቂት አይደሉም። ፒንክ ፍሎይድ በ1973 ያወጡት «መኒ» የተባለው ዘፈን በ7/4 ይሄዳል፤ የጊታሩ ብቸኛ ጨዋታ ሲጀምር ግን ወደ 4/4 ይሻገራል፤ በኋላም ወደ 7/4 ይመለሳል። ቱል የተባለው ጓድ በ2001 ያወጣው «ስኪዝም» በዋናው ዜማው 5/8ንና 7/8ን ያፈራርቃል፤ ይህም ዘፈን በ2008 በወጣው ጊታር ሂሮ ወርልድ ቱር ውስጥ ገብቷል። በአንጻሩ የዴቭ ብሩቤክ አራት ሙዚቀኞች በ1959 ያወጡት «ቴክ ፋይቭ» እንግዳ ልኬት ቢኖረውም ልኬቱ 5/4 ሆኖ ይጸናልና፣ ከመነሻው አንድ ጊዜ መጻፍ ይበቃዋል። እንግዲህ እንግዳ መሆን አንድ ነገር ነው፤ መለዋወጥም ሌላ ነገር ነው።

በዚህ ሥራ ሦስት ስሕተቶች ይታያሉ።

የመጀመሪያው ስሕተት ለውጡን እንዳላዩ ማለፍ ነው። አዘጋጁ 4/4 ብሎ ይጀምርና ዘፈኑ ወደ 7/8 ቢገባም ዝም ይላል። ምልክቶቹ በትክክለኛ ቅጽበታቸው ስለ ተቀመጡ ጆሮ ምንም አይሰማም፤ ዐይን ግን ይታለላል። የባሩ መስመር በዘፈኑ ራስ ላይ መውደቁ ቀርቶ በየዙሩ እየተንሸራተተ አንድ ጊዜ በሐረጉ መካከል፣ አንድ ጊዜ በጫፉ ይወድቃል። በስቴፕማኒያ ጉዳቱ በቀለም ይገለጣል። በተለመደው አቀባብ በምቱ ራስ ላይ ያለው ቀስት ቀይ፣ በምቱ እኩሌታ ላይ ያለው ሰማያዊ ነው። አንድ የ7/8 ባር ሦስት ተኩል ሩብ ኖታ ስለ ሆነ፣ ካለፈ በኋላ ጠንካራው ምት በእኩሌታ ላይ ይውላል፤ ቀይ የነበረው ሁሉ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ የነበረውም ቀይ ይሆናል። ቀለሙን አይቶ የሚራመደው ተጫዋች የታመነውን ምልክት አጣ ማለት ነው።

ሁለተኛው ስሕተት የልኬትን ለውጥ በፍጥነት ለውጥ መሸፈን ነው። ዘፈኑ በደቂቃ 120 ምት እየሄደ ወደ 7/8 ሲገባ፣ አዘጋጁ ሦስት ተኩሉን ምት አራት ምት ለማስመሰል ፍጥነቱን ወደ 137 ገደማ ከፍ ያደርገዋል። መስመሩም በእርግጥ በባሩ ራስ ላይ ይወድቃል። ነገር ግን ዘፈኑ አልፈጠነም። በክሎን ሂሮ ቻርት አንድ ሩብ ኖታ ብዙ ጊዜ በ192 ቅንጣቶች ይከፈላል፤ አራት ምት 768 ቅንጣት ነው። 768ን ለሰባት እኩል ለማካፈል ቢፈልጉ ለእያንዳንዱ 109 ከዚያም የሚተርፍ ስባሪ ይደርሰዋልና፣ ከሰባቱ ስምንተኛ ኖታዎች ከመጀመሪያው በቀር አንዱም በትክክለኛ ስፍራው አይቀመጥም። ልዩነቱ ከሁለት ሺሕኛ ሰከንድ ስለማይበልጥ ጆሮ አይለየውም፤ ቢሆንም የአዘጋጁ መሥመር ያለው ሰሌዳ ከንቱ ይሆናል፤ ምልክቱንም ሁሉ በግምት ማስቀመጥ ግድ ይሆናል። የምልክቱ አመጣጥ ፍጥነትን በሚከተልባቸው ጨዋታዎችም ቀስቶቹ ያለ ምክንያት ይሮጣሉ። እውነተኛው 7/8 ቢጻፍ ግን ባሩ 672 ቅንጣት፣ እያንዳንዱም ስምንተኛ ኖታ 96 ቅንጣት ሆኖ ያለ ስባሪ ይቀመጥ ነበር።

ፍጥነትና ልኬት ሁለት መሆናቸውን የማኅሌት ተማሪ በቶሎ ያስተውለዋል። ከዝማሜ ወደ መረግድ ሲተላለፉ መፍጠን ብቻ አይበቃም፤ ሁሉ በአንድነት በአንድ ስፍራ ካልተሻገረ አገልጋዩ ይበታተናል። በቻርትም ቢሆን «እንዴት ይፈጥናል?» ከሚለው ጥያቄ አስቀድሞ «ከየት ይሻገራል?» የሚለው ሊመለስ ይገባዋል።

ሦስተኛው ስሕተት የሌለውን ለውጥ መፍጠር ነው። ይህ ከፊተኞቹ ይልቅ የሚገኘው ሥራውን በጀመሩት ሳይሆን በተማሩት ዘንድ ነው። በአንድ የ4/4 ባር ውስጥ ስምንቱን ስምንተኛ ኖታዎች ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት አድርጎ ማክበድ በብዙ ሕዝብ ሙዚቃ የታወቀ ነው። ልኬቱ አልተለወጠም፤ የከበደው ስፍራ ብቻ ተለወጠ። ይህን 3/8፣ 3/8፣ 2/8 እያለ የሚቆራርጥ አዘጋጅ ሊቅ ለመምሰል ዘፈኑን ይሰባብረዋል። በኢትዮጵያ ችክችካ የሚባለውን ምት ለሚያዘጋጅም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። 6/8ና 3/4 በርዝመት እኩል ናቸው፤ ሁለቱም 576 ቅንጣት ናቸው። ነገር ግን 3/4 ሦስት ጊዜ ሁለት ሁለት ሲሆን፣ 6/8 ሁለት ጊዜ ሦስት ሦስት ነው። እግሩን በችክችካ ያስለመደ ሰው በ3/4 የተሰመረውን ቻርት ሲያይ፣ መስመሩና ሰውነቱ ሳይስማሙበት ይቀራሉ።

ከአንባቢዎች አንዱ፣ «ተጫዋቹ የሚከተለው ድምፁን ነው፤ ምልክቱ በጊዜው ከደረሰ ስለ መስመሩ ማን ይጨነቃል?» ይል ይሆናል። ይህ አነጋገር እውነት የሚመስለው ልኬቱ ለዐይን ብቻ ቢያገለግል ነበር። በክሎን ሂሮ ግን ልኬቱ የነጥብ ዳኛም ነው። ተጫዋቹ ስታር ፓወር የተባለውን ኀይል ሲያስነሣ ነጥቡ እጥፍ ይሆናል፤ ይህም ኀይል የሚያልቀው በሰከንድ ሳይሆን በባር ተቈጥሮ ነው። ሙሉው ኀይል ስምንት ባር ይቆያል። ዘፈኑ በደቂቃ 120 ሩብ ኖታ የሚሄድ ቢሆን፣ በ4/4 ስምንቱ ባር 16 ሰከንድ ይሆናል፤ በ7/8 ደግሞ 14 ሰከንድ ይሆናል፤ በ7/4 ግን 28 ሰከንድ ይሆናል። ስለዚህ ያንኑ ዘፈን፣ ያንኑ ምልክት ሁለት አዘጋጆች በሁለት ልኬት ቢጽፉት፣ አንዱ ተጫዋች በሁለቱ ላይ የሚያገኘው ነጥብ ልዩ ልዩ ይሆናል። ብዙ ቀን ደክሞ የተለማመደ ሰው ከሌላው ጋር በሚመዛዘንበት ስፍራ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚህም የተነሣ ቅን የሆነ ክርክር ይነሣል። የ«መኒ» 7/4 አንድ ረጅም ባር ተብሎ ይጻፍ? ወይስ 4/4ና 3/4 ተብሎ በሁለት ይከፈል? በፊተኛው አጻጻፍ ኀይሉ 56 ሩብ ኖታ ይቆያል፤ በኋለኛው 28 ብቻ ይቆያል። አንዳንዶች ነጥብ እንዳይበዛ ይከፈል ይላሉ፤ ሌሎችም ነጥብ እንዲበዛ ይቀጥል ይላሉ። ሁለቱም ወገን ከዘፈኑ ሳይሆን ከነጥቡ ተነሥተው ይፈርዳሉና፣ መነሻቸው አንድ ነው። የቀናው ፍርድ ዘፈኑን መጠየቅ ነው። የቤዝ ጊታሩ ሐረግ ሰባቱን ምት ጨርሶ ወደ ራሱ የሚመለስ ከሆነ ባሩ ሰባት ነው፤ በአራተኛው ምት ላይ ተዘግቶ በአምስተኛው እንደ አዲስ የሚነሣ ከሆነ ግን ሁለት ባር ነው። በ«መኒ» ሐረጉ ሰባቱን አንድ አድርጎ ይዞራልና ሰባት ሊባል ይገባዋል። የነጥቡ ነገር ከዚህ በኋላ እንደ ሆነ ይሁን። ሚዛኑን በዕቃው ልክ የሚሠራ እንጂ ዕቃውን በሚዛኑ ልክ የሚቈርጥ ለኪ አይታመንም።

እንግዲህ ሥራውን በማስተዋል ለመሥራት የሚወድ አዘጋጅ ይህን ሥርዓት ቢከተል ይጠቅመዋል። አስቀድሞ ምልክት አንድም ሳያስቀምጥ ዘፈኑን ደጋግሞ ይስማና የእያንዳንዱን ባር ራስ ብቻ በጆሮው ይለይ። ቀጥሎ በሁለት ራሶች መካከል ያለውን ምት ይቍጠር፤ ልኬቱ የሚገኘው ከዚህ ነው። ፍጥነቱን የሚያርመው ከዚያ በኋላ ይሁን፤ ምክንያቱም በሰው እጅ የተመታ ከበሮ ጥቂት ይፈጥናል፣ ጥቂትም ይዘገያል፤ ልኬቱን ያላወቀ ሰው ይህን መወላወል ከልኬት ለውጥ ጋር ያደባልቀዋል። ለውጡ በእርግጥ ለውጥ መሆኑን ለመለየት ደግሞ በእግሩ እየመታ ይቍጠር፤ የዘፈኑ ስምምነትና የከበሮው ጠንካራ ምት ካለፈው ቍጥር ወጥተው በአዲሱ ቍጥር ከጸኑ ልኬቱ ተለውጧል፤ ከሁለት ባር በኋላ ወደ ቀድሞው ቍጥር ራሳቸው የገጠሙ እንደ ሆነ ግን ማክበድ ብቻ ነበር።

በአጻጻፉም አንድ ወጥመድ አለ። በክሎን ሂሮ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ የልኬቱ የታችኛው ቍጥር እንዳለ አይጻፍም፤ 2 ስንት ጊዜ በራሱ እንደ ተባዛ ነው የሚጻፈው። ስምንት የሚገኘው 2ን ሦስት ጊዜ በማባዛት ስለ ሆነ 7/8 የሚጻፈው 7 እና 3 ተብሎ ነው። ሁለተኛው ቍጥር ከተተወ ፕሮግራሙ 4 እንደ ሆነ ይቈጥረዋልና፣ 7/8 ያለው ሰው ሳያውቅ 7/4 ጽፎ ይገኛል፤ ባሩም እጥፍ ይሆናል። በስቴፕማኒያም ቀለሙ እንዳይዛባ የሚፈልግ፣ ከሦስት ተኩሉ ምት በኋላ የሚተርፈውን እኩሌታ ያለ ጊዜ የሚያዘልለውን ትእዛዝ በዚያ ስፍራ ቢያኖር፣ ቀጣዩ ባር እንደገና በቀይ ይጀምራል። ይህ ብልኀት ከሐሰተኛው ፍጥነት የሚለየው፣ የዘፈኑን ጊዜ ሳይነካ መስመሩን ወደ እውነቱ የሚመልስ በመሆኑ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለጨዋታ መሆኑ የሚያስገርመው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ ኖታ ማንበብ በሙዚቃ ቤት አልተማሩም፤ ሰባት ቈጥረው ወደ አንድ መመለስን ያወቁት በእነዚህ መስመሮች ነው። መስመሩ እውነተኛ ከሆነ ጆሮአቸው ይሠለጥናል፤ ሐሰተኛ ከሆነም እጃቸው ብቻ ይለምዳል፣ ጆሮአቸው ግን እንደ ደነቈረ ይቀራል። ለኪው ሄዶ ልኬቱ ይኖራልና፣ አዘጋጁ ስሙ በማይነበብበት ስፍራም ቢሆን ባሩን በልኩ ያስምር።